የሁለት ጾመኞች ቀማሽ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ የዘይቱን ፍሬ ይዤ ተመለስኩ። አንዲት ነጋዴ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ከሽንኩርቷ ጎን የበሰለ ዘይቱን ደርድራ ነበር። ሽንኩርት ለመምረጥ ጎንበስ ስል ሽታው አገኘኝ። ዘይቱን ሲበስል ይሉኝታ የለውም፤ አንዲት ፍሬ ጓዳ ከገባች ሳሎኑም አልጋ ልብሱም እሷን እሷን ይላል። ሴትየዋ ስንት ኪሎ እንደምፈልግ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ገርጂ፣ እትዬ ሐዋ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ቆሜ ነበር።

ያኔ ገርጂ እንደዛሬው አልነበረም። መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ስለነበረ አንድ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። አባቴን አላውቀውም፤ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። የነበርነው እናቴ አስካለ፣ ታላቅ ወንድሜ ደረጀና እኔ ነን። እናቴ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ደረጀ በጦርነቱ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም መካከል ዘመተ። ሊሰናበተን ሲመጣ ፀጉሩን ተላጭቶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ሮጬ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። እሱ ሳቀብኝ።

እሱ የሄደ ዕለት እናቴ ተሳለች። ልጄን በዓይኔ እስካየው ድረስ ፍስክ በአፌ አይዞርም አለች። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ሁሉም ቀረ። ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ እንቁጣጣሽ መጥቶ ሄደ፣ ሰው ሁሉ ሲገድፍ እሷ ሽሮዋን ትበላለች። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ቀሚሶቿን ሁሉ በየጊዜው ታጠብባቸው ነበር፤ በመጨረሻ ማጥበቡ ሰልችቷት በመቀነት ማሰር ጀመረች።

እኔ ስለቱን በራሴ መንገድ ነው የተረዳሁት። እናቴ አንዲት ጠብታ ቅቤ ብትቀምስ ደረጀ እዚያ ማዶ፣ ባለበት ቦታ፣ ዘፍ ብሎ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ስለዚህ ለእናቴ የሚመጣውን ነገር ሁሉ አስቀድሜ አሸት ነበር። ሰው ቤት ሄደን ወጥ ሲቀርብልን አፍንጫዬን ሳህኑ ላይ ስደፋ እናቴ በሐፍረት ትቆነጥጠኛለች። ብትቆነጥጠኝም አልተውኩም።

እትዬ ሐዋ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ጋሽ ሰይድ መንገዱ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ልጅ አልወለዱም። እትዬ ሐዋ በወጣትነታቸው ቦሌ ፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት ሆነው ሠርተዋል፤ ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኦቨን ያለው ስቶቭ ለስንብት ሰጧቸው። ከእመቤታቸው የተማሩትን አንድ ነገር በየበዓሉ ለእኛ ቤት ይሠሩልናል። ፍራፍሬ ከስኳር ጋር አብስለው መጋገሪያው ላይ ያነጥፉታል፤ ከዚያ ዱቄትና ቅቤ በጣታቸው አሽተው ፍርፋሪ ያደርጉና ከላይ በትነው ይጋግሩታል። ፈረንጆቹ ክራምብል ይሉታል አሉ። እኛ ፍርፋሪው ነው የምንለው። ከነሱ ጋር ሥጋ አብረን አንበላም፤ ሌላው ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ይተላለፋል።

ያን ዓመት ገናና ኢድ ተከታትለው ዋሉ፣ ዓርብ ገና፣ ቅዳሜ ኢድ። ስለዚህ ታኅሣሥን በሙሉ ሁለቱም ቤት ጾም ነው። እትዬ ሐዋ ጀንበር እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ አይጠጡም፤ የእናቴንማ ነገር ታውቁታላችሁ። ወጡ ግን መሠራቱ አልቀረም። ጨው በዛ አነሰ የሚለውን ማን ይወቅ? ሆዳም ልጅ ነበርኩና ሥራው በተፈጥሮ ለእኔ ተሰጠኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እጥልና ከጓዳ ጓዳ እዞራለሁ። የእናቴን ሽሮ፣ የእትዬ ሐዋን ሾርባ፣ ሁሉንም በማንኪያ ጫፍ ቀምሼ እፈርዳለሁ። ጋሽ ሰይድ ባገኙኝ ቁጥር ሹመት ያዳብር እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔ የምር አድርጌ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን እሳቸው ሱቅ ስኳር ልገዛ ስገባ አንድ ወታደር የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎታል። ሻይ ቀርቦለት አልነካውም። ጋሽ ሰይድ የደረጀ እህት መሆኔን ነገሩት። ሰውየው አንዴ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና የሳሙናዎቹን ስም የሚያነብ መሰለ። ጋሽ ሰይድ አንድ እፍኝ ከረሜላ ሰጡኝ። እሳቸው ከረሜላ በነጻ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

"ይሄን ሰው እንዳየሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አሉኝ። "በዓሉ ይድረስና እኛው ራሳችን እንነግራታለን።"

ነገሩ ይኸው ነው። ወንድሜ ሞቷል። ወታደሩ ጓደኛው ነበር፤ መርዶውን ይዞ ሰፈራችን ሲደርስ መጀመሪያ ያገኘው ጋሽ ሰይድን ነው። እሳቸው የዕድሩን ሽማግሌዎች ጠሩ፤ ተመካከሩና ሁለቱ በዓላት እስኪያልፉ ሊይዙት ተስማሙ። በበዓል ዋዜማ መርዶ አይነገርም። እናቴም ንፋስ የሚጥላት ሰው ሆናለች፤ ትንሽ አቅም ታግኝ፣ ጾሙ ይፈታላት አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያወቀውን እናቴ ብቻ አላወቀችም።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አወቅሁ። ወታደር መጥቷል፣ የደረጀን ስም ያውቃል፣ ለእናቴ የሚነገራት ነገር አለ፣ የሚነገራትም በበዓሉ ነው። ደረጀ ለገና ሊመጣ ነው ማለት ነው! ሊያስደንቋት ፈልገው ነው የደበቋት። ከረሜላዬን እየላስኩ ወደ ቤት ስሄድ እንዲህ ያለ ምስጢር ተሸክሜ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሁሉ ግምቴን አጸናልኝ። ሴቶች ጎረቤቶቻችን እናቴ ስትገባ ወሬ ያቋርጣሉ። አንዷ ምስር፣ አንዷ ዘይት ይዛ ትመጣለች። የዕድሩ ዳኛ አጥር ለማየት ብለው መጥተው ግቢያችንን ከዳር እስከ ዳር ሲለኩ አየኋቸው። እናቴ አጥሩ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቃቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። እኔ ድንኳን ሊጥሉ እንደሆነ ገባኝ። አልተሳሳትኩም፤ ድንኳኑ ግን ለደረጀ መቀበያ ነበር የመሰለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ሁላቸውም እናቴ ፊት ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የገና ሰሞን እትዬ ሐዋ ፍርፋሪውን የጾም ሊያደርጉት ተነሡ። አስካለ በበዓል ቀን ሽሮ አትበላም አሉ። ሾላ ሄደው የበሰለ ዘይቱን ገዙ። ልጠን፣ ቆራርጠን፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ጣድነው። ሲፈርስ እሳቸው በወንፊት እየጨፈለቁ ዘሩን አወጡለት፤ ጓዳው በዚያ ሽታ ተሞላ። ችግሩ ፍርፋሪው ላይ መጣ። ዱቄቱን በዘይት ሲያሹት ጭቃ ሆነ። ዘይት ሲቀንሱ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ቀረ። እንደምንም ጋገሩት፤ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ቀመስኩና ድንጋይ ነው ብዬ ፈረድኩ። ዘይት እንደ ቅቤ አይታዘዝም አሉ እትዬ ሐዋ፤ ጣታቸውን እያዩ ተቀመጡ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ ድንጋዩን አየችው። ቆርሳ በእጇ ፈተፈተችው፣ አሸተተችው።

"በሶ ሞክሪበት ሐዋ" አለች። "በሶ ዘይት ይጠጣል። የጾም ጭኮ ሲታሽ አላየሽም?"

እትዬ ሐዋ ቤታቸው በሶ እንደሌለ ተናገሩ። እናቴ እኔ ዘንድ አለ ብላ ሄደች። ሳላይ ገባኝ። ለደረጀ ስንቅ ብላ ገብሱን ራሷ ቆልታ ያስፈጨችው፣ በነጭ አቡጀዲ ከረጢት ሰፍታ ያስቀመጠችው ነበር፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ትጠብቃለች። ከረጢቱን ይዛ ተመልሳ ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው።

እትዬ ሐዋ አልተቀበሏትም። የልጁን ስንቅ አልነካም አሉ።

"ምን ችግር አለው?" አለች እናቴ። "ለሱ ሌላ እቆላለሁ። ገብስ ሞልቷል።"

ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና ልብሷን ልትቀይር ሄደች። እትዬ ሐዋ በሁለት እጃቸው አቅፈውት ቆዩ። እንባቸው ሲወርድ ዙሪያውን ቃኘሁ፤ የተላጠ ሽንኩርት የለም። የምድጃው ሙቀት ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ፤ ኦቨኑ እውነትም ይፋጅ ነበር።

እናቴ ልክ ነበረች። በሶው ያፈሰሱበትን ዘይት ጠጣው። እትዬ ሐዋ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር ጋር ቀላቅለው በጣታቸው ጫፍ ሲያሹት፣ እጃቸው ላይ ትንንሽ እንክብል እየሆነ ወደ ሳህኑ ይረግፋል። ጥሬውን ዘግኜ ቀመስኩ። የተቆላ ገብስ፣ ስኳር፣ ትንሽ ጨው። ጨው ጨምሩ አልኩ፤ ጨመሩ። የበዓሉን ዋናውን ሐሙስ ከሰዓት ለመጋገር ወሰንን።

ሐሙስ ዕለት በርጩማዬ ላይ ቆሜ ዘይቱኑን መጋገሪያው ላይ ስዘረጋ ጋሽ ሰይድ በጓሮ በር ገቡ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሳይፈቱት አፍንጫዬ ነገረኝ። የገበታ ቅቤ ነው።

"ይሄን አግቢበት" አሏቸው በዝግታ። "ጉልበት ይሆናታል። ማን ያውቃል?"

"አላህ ያውቃል።"

"አላህማ አቅም እንደሌላትም ያውቃል። እሁድ ጠዋት በምን ጉልበቷ ትቆማለች? እንደው ለነፍሷ እዘኚላት።"

እትዬ ሐዋ እጃቸው እስከ አንጓቸው በሶ ነው። ቀና ብለው አዩአቸው።

"አንዱን ደብቄያታለሁ ሰይድ። እሱም አንጀቴን እየበላው ነው። ጾሟን ደግሞ አልሰርቃትም።"

ጋሽ ሰይድ ቅቤያቸውን አንሥተው በመጡበት ወጡ። ደረጀ መንገድ ላይ ነው፤ መድረሻው ሲቃረብ ሊጥሉት ነበር ማለት ነው። ከበርጩማው ወርጄ የእትዬ ሐዋን እጅ ያዝኩና አሸተትኩት። ገብስና ዘይት ብቻ ነው። እሳቸው ሌላኛውንም እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "ምንም የለበትም።"

ልቤ ስለተረጋጋ ምስጢሬን አወጣሁት። መጋገሪያው ጥግ ላይ ለደረጀም እንተውለት አልኳቸው። ለማን አሉኝ። ለደረጀ፣ እኔ እኮ አውቄያለሁ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ምን እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ለገና እንደሚመጣ ነገርኳቸው፤ ወታደሩን፣ ከረሜላውን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ሁሉንም። እትዬ ሐዋ በበርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ለእናትሽ ነግረሻታል ወይ አሉኝ። አልነገርኳትም፣ ምስጢር መያዝ እችላለሁ አልኩ። ጎበዝ አሉ። በሶ በነካው እጃቸው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ ጫኑት፤ ልባቸው ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ውዱእ ላድርግ ብለው ወደ ጓሮ ወጡና ፊታቸውን ሲታጠቡ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ጥጉን ተዉልኝ። ዛሬ ሳስበው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የእሳቸው ሸክም ይከብደኛል፤ የእናቴን መርዶም የእኔን ተስፋም በአንድ ጓዳ ውስጥ ይዘው ነበር የሚሠሩት።

የገና ዓርብ ነጋ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የነፍስ አባቷ አብረዋት መጡ። ገና ዓርብ ቢውልም ይበላል፣ ከስለቱም እኔ እፈታሻለሁ አሏት። የተሳልኩት ለሰው አይደለም አባ ብላ እጃቸውን ስማ ሸኘቻቸው። በየቤቱ ዶሮ ይሸታል። ፍርፋሪው በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል። እኔ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። እናቴ እንድትበላ ስለምናት ሐዋ ሳትፈታ እኔ አልጀምርም አለች። የሚጾም ሰው የሠራውን፣ እሱ ሳይቀምስ መብላት ነውር ነው አለችኝ።

ስለዚህ ገናን የበላነው አመሻሽ ላይ ነው። አዛን ሲሰማ እትዬ ሐዋ ቴምርና ውሃ ቀምሰው፣ ሰግደው መጡ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ ጨርቁን ገለጠች። ከላይ ቀይ ሆኖ ተጠብሷል፤ ማንኪያ ሲገባበት ይንኮሻኮሻል፤ ከሥር ዘይቱኑ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። እናቴ አንዴ ጎረሰች፣ ደገመች። ዓይኗን ጨፍና አኘከች። እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ሐዋ፣ ይሄ ቅቤ የለበትም?" አለች እየሳቀች።

"የለበትም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ የለበትም።"

እናቴ ሳቀችና ሳህኗን ደግማ አቀረበች። ደረጀ ቢኖር ይሄን መጋገሪያ ብቻውን ይጨርሰው ነበር አለች። እትዬ ሐዋ ጉርሻቸውን ሳይውጡት ቆዩ። እኔ ከጠረጴዛው በታች እግሬን እያወዛወዝኩ ጥጉ አለመነካቱን እመለከታለሁ።

ደረጀ ሳይመጣ መሸ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ተኛሁ፤ ወታደር ሁሉ በአውሮፕላን የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ኢድ ነበር። እነእትዬ ሐዋ ቤት እንደ ሌላው ጊዜ እንግዳ አልበዛም፤ እሳቸውም አዲስ ልብስ አልለበሱም። አሟቸው ነው አሉኝ።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። ከእናቴ ቀድሜ ተነሣሁ። በባዶ እግሬ ሮጬ መቀርቀሪያውን አወጣሁ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ጋሽ ሰይድ አሉ፣ እትዬ ሐዋ አሉ፣ ያ ባለ ክራንች ወታደርም አለ። በእግሮቻቸው መሃል ወደ ኋላ አጮለቅሁ።

"ዞር በሉለት" አልኳቸው። "ወንድሜ ይለፍበት።"

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላዬ መጣች። እነሱን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቆማመጥ ስታይ ንግግር አላስፈለጋትም። የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም።

ድንኳኑ ተጣለ። ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ደረት መታ። ደረጀ ሞተ ሲሉኝ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚናገሩትን ነገር እሺ ማለት ለምጃለሁ። በልቤ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ስለቱ አልተሰበረም፤ የእትዬ ሐዋን እጅ ራሴ አሽትቻለሁ፤ ስለዚህ ሊወድቅ አይችልም። እናቴም ያን ሁሉ ቀን የሚቀርብላትን አልነካችም።

ከሠልስቱ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል፣ እናቴ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ እትዬ ሐዋን ጠራቻቸው። ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። እኔ እግሯ ሥር ተኝቻለሁ።

"ገና ለት ስትምዪልኝ ልጄ ሞቶ ነበር?"

"ሞቶ ነበር" አሉ እትዬ ሐዋ።

"አውቀሽ ነው ስንቁን ያሸሽው?"

"አውቄ ነው።"

እናቴ ትኩር ብላ አየቻቸው። እትዬ ሐዋ አቀርቅረው ስድቡን ይሁን እርግማኑን ይጠብቁ ነበር። እኔም ጠበቅሁ።

"ቅቤ የለበትም ያልሽኝስ?"

"እሱ እውነቴን ነው አስካለ። አላገባሁበትም።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ወተት አምጪልኝ" አለች።

እትዬ ሐዋ ተነሥተው በአጥሩ ቀዳዳ ሄዱ። የፈላ ወተት በብርጭቆ ይዘው ተመለሱ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ሳታርፍ እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያን ሁሉ ቀን ሰው ሲያለቅስ አላመንኩም ነበር። ያን ጊዜ ወንድሜ እንደማይመጣ ገባኝ፤ ማልቀስ ጀመርኩ።